ሻምበል ጣሰው ቀድመው አይበሉም

ሻምበል ጣሰው በአሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ቀጥ ብለው የሚሄዱ የመጨረሻው ሰው ናቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ ባስ ሊሳፈሩ ሲቆሙ ግን ሾፌሩ ሊጎበኙት የመጡ እየመሰለው ቀበቶውን ያስተካክላል።

በወጣትነታቸው የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ መኮንን ነበሩ። ፈረሳቸው ዳማ፣ እሳቸው እንደሚምሉት፣ የሰልፍ ሙዚቃ የሳተውን ከበሮ መቺ በግልምጫ የሚያርም ጨዋ ነበር። መንግሥት ሲገለበጥ ፈረሱም ማዕረጉም ቀረ። ሻምበል በሱዳን ዞረው ዴንቨር ገቡና ኮልፋክስ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ሆኑ። «ያን ዳማ ሆንዳ ወዲህ! ጉራቻዋን ቶዮታ ወዲያ!» ሲሉ፣ አንዳንዱ መኪና ሾፌሩን ሳይጠብቅ ይሰለፍ ነበር ይባላል።

ከጦሩ ይዘውት የመጡት አንድ ደንብ ነው፦ ፈረሰኛ፣ ፈረሱ ሳይበላ አይበላም። ዳማ ሲቀር ደንቡ ወደ ቤተሰቡ ዞረ። ሚስታቸው ወይዘሮ ጌጥነሽ በተጋቡ ሰሞን ወጣቸው የተናቀ መስሏቸው ሳምንት ሙሉ አኩርፈዋል። ነገሩ ሲገባቸው ደግሞ «በፈረስ ቦታ ነው ያገባኸኝ!» እያሉ እስከ ዛሬ ይተርቧቸዋል። ሦስቱ ልጆች ግን አባታቸው ቀድመዋቸው ሲጎርሱ አይተው አያውቁም።

ከዚያ ስኳር በሽታ መጣ። ሐኪሙ ኢንሱሊን ከተወጉ ወዲያው እንዲበሉ አስጠነቀቃቸው። ከልጆቹ ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ፣ ሔርሜላ፣ ደግሞ እንግልውድ ከተማ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ አምሽታ ነው የምትገባው። ሻምበል አንድ ቀን መርፌያቸውን ተወግተው እሷን ሲጠብቁ ወንበራቸው ላይ ዝልፍልፍ አሉ። አምቡላንስ ደረሰላቸው።

ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ ጌጥነሽ ፊታቸው ቆሙ።

«ሻምበል፣ ልትሞትብኝ ነው?»

«ደንብ ነው፣ ጌጤ።»

«ዳማ ከሞተ ስንት ዘመኑ!»

«ልጅቷ አለች።»

በማግስቱ በእራት ሰዓት፣ ሻምበል ኢንሱሊናቸውን እንደተወጉ፣ ሔርሜላ ከሥራ ቦታዋ በቪዲዮ ደወለች።

«አባዬ፣ በልቻለሁ፣ አይ ስዌር! በቃ፣ አንተም ብላ።»

ሻምበል መነጽራቸውን አደረጉ። የፈረስ ጥርስ ሲመረምር የኖረ ዓይን ነው።

«የበላሽበትን አሳዪኝ።»

ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምሳስ?»

«ቢዚ ነበርኩ፣ አባዬ። ቡና ጠጥቻለሁ።»

ሻምበል እጃቸውን ከገበታው አነሱ። «እንግዲያው አብረን እንጠብቃለን።»

«አባዬ! ተወግተሃል እኮ!»

ስልኩ ውስጥ ኮሪደር፣ ጣሪያ፣ የሚሮጥ ጫማ ታየ። ሔርሜላ ሳንድዊች ይዛ ብቅ አለች።

«ይኸው!»

«አኝኪ።»

አኘከች።

«ዋጪ።»

ዋጠች። ሻምበል ያን ጊዜ ቆርሰው ጎረሱ፤ ወይዘሮ ጌጥነሽም ከቀኑ ጀምሮ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁ።

ከዚያ ወዲህ ጥሪው የየቀኑ ነው። ሔርሜላም ምሳ መዝለል ትታ ጉንጯ ሞልቷል። አብረዋት የሚሠሩት ነርሶች እንኳ ምሳ ዕቃቸውን ወደ ስልኩ ከፍ ያደርጋሉ፤ ሻምበልም ተራ በተራ ይፈትሻሉ።

«ይኸው ጦሩ በልቷል» ይላሉ ወይዘሮ ጌጥነሽ፣ ጉርሻ ጠቅልለው። «በል፣ አፍህን ክፈት።»