አራተኛ ፎቅና ጭላሎ

ወይዘሮ አሰጋሽን በአምሳ ስምንት ዓመታቸው ተራራ ያስወጣቸው ጽድቅ ፍለጋ አይደለም፤ ቤታቸው ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በዕጣ የደረሳቸው ቤት አላቸው። ከመስኮቱ የረር ተራራ ይታያል። ልጃቸው እድላዊት ግን፣ «ጉልበትሽ አልቋል እማዬ፣ ይሄ ደረጃ ይገድልሻል» ብላ፣ ቂሊንጦ ምድር ላይ ካለ ቤት ጋር የሚያለዋውጥ ደላላ አግኝታለች። አሳቢ ልጅ ናት፤ አሳቢ ልጅ ደግሞ የሰው ቃል አትሰማም።

እድላዊት በየወሩ ከጓደኞቿ ጋር ሃይኪንግ ትወጣለች። የዚያ ወር ተራ የአርሲው ጭላሎ ተራራ ነበር፤ አራት ሺህ ሜትር። እናትየው ይህን ሰሙና ቆረጡ።

«እኔም እሄዳለሁ። ጫፉ ላይ በእግሬ ከቆምኩ ደላላሽን ታሰናብቻለሽ። ካቃተኝ ቁልፉን ራሴ እሰጥሻለሁ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ተስማማችም።

ከአሰላ በላይ ንጋት ላይ መንገድ ሲጀመር ወጣቶቹ እየዘፈኑ፣ ፎቶ እየተነሡ ፈተለኩ። መንገድ መሪው ሂርጳ ለደከመ ሰው የሚሆን ፈረስ ይስባል። ዓይኑን ገና ከመነሻው የጣለው አሰጋሽ ላይ ነው፤ ፈረሱም ሳያያቸው አልቀረም።

አሰጋሽ ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። ገላን ውሃ ፎቅ የማይወጣበት ቀን ብዙ ነው። ከታች ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡ ሃያ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ወሬ የለም። ደረጃ ላይ ሰላም ላላቸው ጎረቤት መልስ የሚሰጡት ቤት ደርሰው፣ ጀሪካኑን አስቀምጠው፣ በመስኮት ነው።

የአስታው ጫካ እስኪያልቅ በዚሁ ሕግ ሄዱ። ጅብራ የበቀለበት ሜዳ ላይ አረፍ ያሉት ወጣቶች ጋ ሲደርሱ የቡድኑ መሪ ሱፍያን ሰማዩን አየና፣ «ደመና እየመጣ ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን የትም እንድረስ የት እንመለሳለን» አለ። አሰጋሽ ደነገጡ። ቤታቸው ከእጃቸው ሲያመልጥ ታያቸው። ሕጋቸውን እርግፍ አድርገው ከወጣቶቹ እኩል መገስገስ ጀመሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ግን የፈራ ሰው ተረት መቼ ያስታውሳል? ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ዓይናቸው ጨለመ፣ ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ።

ሂርጳ ፈረሱን አቀረበ። «ይቀመጡበት እትዬ፣ ነውር የለውም።»

እድላዊት አጠገባቸው ተንበረከከች። «ይበቃሻል እማዬ። ቤት እንደሆነ ቤት ነው።»

«ለአንቺ!» አሉ አሰጋሽ፤ ዕንባቸው መጣ። «ሠላሳ ዓመት መስኮት በሌለው የክር ፋብሪካ ውስጥ ቆሜያለሁ። አሁን መስኮት አለኝ።»

ውሃ ጠጡ። ትንፋሻቸው መለስ ሲል ቀና ብለው ቢያዩ፣ ሲፈተልኩ የነበሩት ወጣቶች ዳገቱ ላይ እዚህም እዚያም ተዘርረዋል። አንዱ ጭንቅላቱን ይዟል፣ ሌላው ጫማውን አውልቆ ተራራውን ይረግማል። አሰጋሽ ፈረሱን በእጃቸው ገፋ አድርገው ተነሡ። ሃያ እርምጃ፣ ቆም። ሦስት ትንፋሽ። ሃያ እርምጃ፣ ቆም። የተዘረሩትን አንድ በአንድ አለፏቸው።

ሱፍያን ሲያያቸው ቆየና አፈረ። «እትዬ፣ እባክዎ እርስዎ ይምሩን» አለ።

እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ አወዛወዙ። አሥራ አራት ወጣት ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ተከትሎ ተሰለፈ። ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲተነፍሱ ይተነፍሳል። ዘፈኑም ፎቶውም ቀረ። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ እሳቸው ግን ከሃያ አንዲት እርምጃ አላጎደሉም።

ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ዳገቱ አለቀ። አሰጋሽ ጫፉ ላይ በሁለት እግራቸው ቆሙና እልልታቸውን ለቀቁት። እንዲህ ደስ ያላቸው ቀን ትዝ አይላቸውም።

እድላዊት ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ ነበር።

«ሃሎ፣ አቶ ዘካሪያስ? የገላኑን ቤት ነገር ይተዉት።»

ደላላው ምን እንደተፈጠረ ጠየቃት። እናቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ምንም አልተፈጠረም» አለች። «ያኔ ስደውልልዎ እናቴን አላውቃትም ነበር።»