ማክሰኞ ብቻ የተሰማ መዝሙር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ አብረውኝ ለሚጸልዩት እህቶች አልነገርኩም። በጸሎቴ ውስጥ እንኳ ወደ እሱ ስቃረብ ቶሎ ብዬ ወደ ሌላ ነገር አልፋለሁ። አንባቢዬ፣ አንተ አታውቀኝም፤ ለአንተ መናዘዝ የቀለለኝም ስለማታውቀኝ ነው። አንድ ደግ ሰው ከሚወዱት ወንበር የተነሱት በእኔ ነው። የተናገርኩት ውሸት ግን አንድም ቃል የለም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ሰውየው ኦቦ ታሲሳ ይባሉ ነበር፤ የዲጋ ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ነቀምቴ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በአማርኛ የሚሰጠውን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ ከወሎ መጥተው እዚሁ ወለጋ፣ አንገር ጉቲን የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝ። ክፍሉ ውስጥም አብዛኞቻችን እንዲሁ ነበርን፦ የሰፋሪ ልጆች፣ የጉራጌ ነጋዴዎች፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ሠራተኞች። ኦቦ ታሲሳ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። የአማርኛ ቃል ሲጠፋባቸው ቆም ብለው እኛን ይጠይቁናል፤ ስንነግራቸው ደግሞ አመስግነው ይቀጥላሉ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን አፍር ነበር።

መዝሙርን የሚያስተምሩበት የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። አንዱን መዝሙር ሁለት ጊዜ ያስነብቡናል፤ ማክሰኞ አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ አንድ ጊዜ። ማክሰኞ የክርስቶስን ስም መጥራት ክልክል ነው። “መጀመሪያ የጮኸውን ሰውዬ ስሙት” ይሉን ነበር። ሃያ ሁለተኛውን መዝሙር ያነበብን ጊዜ፣ አምላኩ የተወው የመሰለውን፣ ምላሱ በጥማት የተጣበቀበትን፣ ሰዎች ከብበው የሚዘባበቱበትንና ልብሱን የሚከፋፈሉበትን ያንን ሰው ብቻውን አስቀመጡልን። አንዱ ቸኩሎ ይሄማ ጌታ ነው ካለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛውን ቆርቆር ያደርጉና “ሐሙስ” ይላሉ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ሐሙስ ሲመጣ ግን የሚስቅ አልነበረም። ያንኑ መዝሙር ከስቅለቱ ታሪክ ጎን ለጎን ያስነብቡናል። ዕጣው አለ፣ ጥማቱ አለ፣ ፌዙ አለ፣ የተወጉት እጅና እግር አሉ፤ ከመስቀሉ ስንት መቶ ዓመት ቀድሞ በዕብራይስጥ የተገጠመ ለቅሶ! ከዚያ በፊት ትንቢት ማለት ለእኔ እንደ ደረሰ ደብዳቤ ነበር፤ ተጻፈ፣ ደረሰ፣ አለቀ። እሳቸው ግን እንዲህ አሉን፦

“ክርስቶስ የሚለው አጥቶ አይደለም የዚያን ሰው ጩኸት የጮኸው። ያ ሰውዬ ብቻውን እንዳይጮህ ብሎ ነው።”

ያን ቀን አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ከዚያ የበለጠ ትምህርት ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ ይህን ያህል እያደነቅኳቸው እንዴት ቀናሁባቸው? ቀናሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ አማርኛው የእኔ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ክፍሉ የእሳቸው መሆኑ ውስጤን ይበላኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከኑኑ ቁምባ የመጣ እንግዳ ክፍላችን ገብቶ ተቀመጠ። ያንኑ መዝሙር እንደገና እያነበብን ነበር። ሰውየው በማግስቱ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ፣ መምህራችሁ ክርስቶስን ከመዝሙሩ አውጥቶታል ብሎ ከሰሰ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ኦቦ ታሲሳ ለለቅሶ ዲጋ ሄደው ነበር። እኔ የትምህርት ኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ፣ ከተማሪዎቹም የቆየሁት እኔ ስለነበርኩ፣ እኔን ጠየቁ። በዚያ ቀን የክርስቶስን ስም ጠርተዋል ወይ አሉኝ። አልጠሩም አልኩ። የምትጨምሪው አለ ወይ አሉኝ።

“የምጨምረው የለም” አልኩ።

ቃለ ጉባኤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምጨምረው የለም ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ሐሙስ የሚባል ቀን እንዳለ አላውቅም ነበር? ሐሙስ ያለቀሰችው ማን ነበረች?

ኦቦ ታሲሳ ሲመለሱ ሽማግሌዎቹ በትህትና ደክመዋል፣ ይረፉ አሏቸው። እሳቸው ምክንያቱን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ እሷ ሁሉንም ታውቃለች፣ እሷን ጠይቋት አሉ። ጠይቀናታል አሏቸው። ፈገግታው እዚያው ፊታቸው ላይ ቀረ። ለተማሪዎቹ ደክመው ነው ተባለ፤ ክፍሉ ለእኔ ተሰጠ። ሲሄዱ ካፖርታቸውን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ረስተውት ነበር። ነቀምቴ ክረምት እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዛሬ እልካለሁ፣ ነገ እልካለሁ ስል ክረምቱን ሙሉ ለበስኩት።

ታመው ዓይናቸው እንደ ደከመ ስሰማ ዲጋ ሄድኩ። ካፖርቱን በፌስታል ይዤ፣ ልመልስና ልናገር ወስኜ። “አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ?” ብለው ተቀበሉኝ፤ እንደ ድሮው ልጄ ብለው ጠሩኝ። ከዚያ ያንን መዝሙር እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ማንበብ ጀመርኩ። የተተወው ሰው፣ የተናቀው ሰው ፊት ለፊቴ ተኝቷል። ልብሱን የሚከፋፈሉት ጋ ስደርስ ማንበቡን አቆምኩ፤ ፌስታሉ እግሬ ሥር ነበር። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሸሸሁ። ይህ እኮ ስለ ጌታችን ልብስ ነው ብዬ ወንጌሉን መተረክ ጀመርኩ።

ኦቦ ታሲሳ የአልጋቸውን ጠርዝ በጣታቸው ቆርቆር አደረጉ።

“ሐሙስ” አሉኝ። “ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ኢንታላ ኮ።”

አነበብኩና ጨረስኩ። ምንም አልነገርኳቸውም። ሁለተኛውን ንባብ ሐሙስ መጥቼ አነባለሁ ብዬ ተነሳሁ። ውጭ ይዘንብ ነበርና ካፖርታቸውን ለብሼ ተመለስኩ። አዎ፣ ለብሼው። ሐሙስ አልሄድኩም፤ የሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሄድኩት ለቀብራቸው ነው።

ያውቁ ነበር? እኔ እንደሚያውቁ አምናለሁ። አውቀውም ልጄ አሉኝ፤ ይህን ሳስብ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ዛሬም ክፍሉን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በእሳቸው ደንብ። እሳቸውን ያላዩ አዳዲስ ተማሪዎቼ እንዴት ያለ ዘዴ ነው ያገኘሽው ይሉኛል። እኔም የማን እንደሆነ ሳልናገር ትምህርቴን እቀጥላለሁ። ያ መዝሙር እኮ መጨረሻው ለቅሶ አይደለም፤ የተናቀው ሰው በታላቅ ጉባኤ መካከል ቆሞ ያመሰግናል። ኦቦ ታሲሳ በእኛ ጉባኤ መካከል ቆመው ያን እንዳያነቡ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ቅናት ነው፣ ልጅነት ነው ብዬ አላሳብብም፤ ልጅ አልነበርኩም። ይቅርታ የሚሰጡኝም ሰው አፈር ውስጥ ናቸው። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን ካፖርቱን ለልጃቸው እወስዳለሁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ያንን አሮጌ ቃለ ጉባኤ እንዲያወጡልኝ እጠይቃለሁ። የምጨምረው አለኝ። ሐሙስ ነበረ።