አክስቴ በካሴት ላይ የተዉት ዝምታ

አክስቴን ሳስብ የሚመጣብኝ ንግግራቸው ሳይሆን አጠባበቃቸው ነው። በደርግ ዘመን ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ መጻፍ ስለማይችሉ መልእክታቸውን አሰላ ቤታቸው ተቀምጠው በካሴት እየቀዱ ይልኩለት ነበር። ታዲያ ከየጥያቄው በኋላ፣ በስልክ እንደሚነጋገር ሰው፣ መልሱን ይጠብቃሉ።

«የዲክሲሱ ማሳችን ገብስ ታጨደ። አንተስ እህል ትበላለህ?» ይሉና ዝም ይላሉ።

«እትዬ፣ ካሴት እኮ አይመልስም» እላቸዋለሁ እየሳቅሁ።

«ዝም በይ፣ እየመለሰ ነው።»

እውነትም አንዱ ካሴት ከወራት በኋላ ሲመለስ፣ ልጃቸው በየዝምታው ላይ መልሱን ቀድቶበት ነበር። «እበላለሁ እማዬ፤ ያንቺን ገንፎ የሚያህል ግን የለም።» ሳይመልስ ያለፈው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «መቼ ትመጣለህ?» የሚለው።

እሱ በደኅና ተመልሶ ዛሬ ሸብቷል። ለምን እንደዘለለው ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። በአርባቸው ዕለት ጠየቅሁት።

«መቼ እንደምመጣማ አላውቅም ነበር» አለኝ። «ግን ለዚያ አይደለም። መልስ በቀዳሁበት ቦታ ሁሉ ትንፋሿ ጠፋ። የመጨረሻውን ማጥፋት አቃተኝ።»

ካሴቱን ከሳጥናቸው አውጥቼ ወደ ቤቴ ወሰድሁት። በማግስቱ ከፍቼው እዚያች ጥያቄ ላይ ሲደርስ ጆሮዬን ወደ ቴፑ አስጠጋሁ። ትንፋሻቸው ቀስ ብሎ ይሰማል።

ልጄ ገብታ «ምንም አይሰማም እኮ፤ ተበላሽቷል እንዴ?» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት፤ «እየጠበቁ ነው።»