ምላሷ የተመለሰላት ሰሞን

የወንድሜ ሚስት ሰው የሠራውን ምግብ አመስግና አታውቅም። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ቤቴ ጠርቼ፣ ጠብ እርግፍ ብዬ ያቀረብኩላትን አንዴ ትቀምስና «ሽንኩርቱን ቸኩለሽበታል» ትለኛለች። ወይ ደግሞ «ጨዉ ኋላ ነው የገባው፣ አይደል?» አንዳንዴ ጭራሽ ምንም ሳትል ብድግ ብላ ኩሽናዬ ትገባና ድስቴን ከፍታ አንድ ነገር ጣል ታደርግበታለች። ጨጓራዬን ትልጠው ነበር። ይበልጥ የሚያናድደው ግን ድስቱ ሲመለስ እውነትም ሌላ ምግብ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ከሥራዋ የተጣባት አመል ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ዋና ምግብ አብሳይ ነበረች። ድስቶቹ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚገባባቸው ናቸው። እሷ እጀታው ረዥም በሆነ ጭልፋ ትቀዳና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ እፍ እፍ ብላ ትልሳለች። «ይውጣ» ካለች ይወጣል፤ «ይቆይ» ካለች ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሰሃኑን ይዞ ይቆማል። ሠራተኞቹ «ሚዛን» ነበር የሚሏት። ጥጥ ከሚበጠርበት ክፍል የሚመጡት ጉሮሯቸው በብናኝ ስለሚደርቅ መረቁ ቀጠን እንዲልላቸው ታውቃለች፤ የማቅለሚያዎቹን ደግሞ ሽታው አፍንጫቸውን ስለሚደፍነው ነጭ ሽንኩርት ካልበዛላቸው ገለባ የበሉ ይመስላቸዋል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ምላስ ነበር የሚበላው።

ጨጓራዋን ደግሞ ከእሷ እኩል እናውቃት ነበር። ከሙሽርነቷ ጀምሮ አብራት ናት። «ዛሬ እመቤቲቱ ተነሥታለች» ትልና ጡጫዋን ከጎድኗ ሥር ደግፋ፣ ቀዝቃዛ ወተት ግጥም አድርጋ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሲያቅራት ጨጓራ፣ ራሷን ሲያማት ጨጓራ፣ ከእኔ ጋር ስትጣላም ጨጓራ። ወንድሜ የፋብሪካው ሰርቪስ ሹፌር ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ሌላው አንድ ሴት ያገባል፤ እኔ ሚስቴንም ጨጓራዋንም ነው ያገባሁት» እያለ ይቀልድ ነበር።

እውነተኞቹ ጠላቶች የገቡት በእመቤቲቱ ስም ተከልለው ነው። ራስ ምታቱ አልለቃት ሲል ወንድሜ በግድ ክሊኒክ ወሰዳት፤ ከክሊኒኩ ሆስፒታል ላኳት። ደም ግፊት አለ፣ ስኳርም አለ ተባለ። ጨው እንድትቀንስ፣ ቅባት እንድትተው፣ ኪኒኖቹን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ ተነገራት። «ምግብ አብሳይን ጨው ተዪ ማለት ሹፌርን ዓይንህን ጨፍነህ ንዳ ማለት ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

መዋጡንስ ዋጠች። ብዙም ሳይቆይ ሆዷ ተገለበጠ። ያቅለሸልሻታል፣ ይነፋታል፣ ያስገሳታል። ይህን ትችለው ነበር፤ የሆድ ሕመም ለእሷ የቆየ ጎረቤት ነው። ያልቻለችው የአፏን ነገር ነው። ጠዋት ስትነሣ ሚስማር ስትጠባ ያደረች ይመስላታል። ሻዩ ሚስማር ሚስማር ይላታል፣ ዳቦው ሚስማር ሚስማር፣ መረቁም ያው።

ፍዳውን መጀመሪያ የቀመሰው ወንድሜ ነው። አንድ ቀን ብደርስ፣ ሾርባው ጨው በጨው ሆኖ፣ ያ ምስኪን ጭጭ ብሎ እየበላ ውኃውን በላይ በላዩ ይገለብጣል።

«ምነው ውኃ አበዛህ?» አለችው።

«ሙቀቱ ነዋ» አላት። ውጭ ዶፍ ይዘንብ ነበር።

ክበቡ ውስጥ ግን ባል የለም። ሰሃን መመለስ ጀመረ። ሥራውን ከእሷ ሥር ሆና የተማረችው ምክትሏ፣ ሚዛን ዞር ስትል ጭልፋውን እያነሣች መቅመስ ጀመረች፤ ሚዛን ይህንንም አየች። የክበቡ ኃላፊ አስጠራትና «ዕድሜሽም እየገፋ ነው፣ ጤናሽም ልክ አይደለም። ዳቦ ማደያው መስኮት ጋ ብትሆኚ አይሻልሽም? እዚያ መቀመጫም አለው» አላት። ለእሱ ደግነቱ ነው። እሷ ግን ከሥራ ስትመለስ ቀጥታ ወደ እኔ መጥታ በሬ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባ አለች።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባል የለ?» አለችኝ። «ሊጥሉኝ ነው፣ አንቺ ልጅ።»

እኔን ስትቆጣ እንጂ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አንጀቴን በላችው። እርጅናውን ፈርታ መሰለኝ፤ ስለ ምላሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ሐኪም ዘንድ ሄዳ ብትናገርስ? ምክንያቷን የሰማነው በኋላ፣ ከአልጋ ላይ ሆና ነው። መድኃኒቷን የምትቀበለው ከፋብሪካው ክሊኒክ ነበር። የክሊኒኩ ነርስ ደግሞ ምሳዋን የምትበላው ክበቡ ውስጥ ነው፤ በየቀኑ ሰሃኗን ይዛ ሚዛን ፊት ትሰለፋለች። «ጠዋት ምላሴ ሞቷል ብያት፣ ቀትር ላይ ምን ብዬ ልጨልፍላት?» አለችን። ወሬው ኃላፊው ጆሮ ለመድረስ አንድ ምሳ ይበቃዋል ብላ ሰጋች። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሷ አልሰማችም? ሰምታለች እንጂ! ስንቱን ሰው መክራበታለች። ለራሷ ሲሆን ጠፋባት።

እናም ኪኒኖቹን ተወች። ምላሷን የገደለው የትኛው እንደሆነ ስላላወቀች የደም ግፊቱንም የስኳሩንም ሁሉንም ተወች። ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ፊት ታወጣቸዋለች፣ አፏ ውስጥ ታደርጋለች፣ ውኃ ትጎነጫለች፤ ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ትሄዳለች። ወንድሜ የሚያየው እስከ ውኃው ድረስ ነው።

ምላሷ ተመለሰላት። ሆዷም ረጋ፣ ማቅለሽለሹም ቆመ። አንድ እሑድ ምሳ ጠራችን። ሥጋ በድንች ነበር፤ ሌላ ምንም የለበትም። ወንድሜ የመጀመሪያውን ማንኪያ ቀመሰና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«መጣሽ?» አላት፣ ከሩቅ አገር የገባ ሰው እንደሚቀበል።

«መጣሁ» አለችው።

ሰሃኑን በዳቦ እየጠረገ ቀለሙን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። እኔም በላሁ፤ እውነት ለመናገር ጣት ያስቆረጥማል። ስወጣ ወንድሜ በር ድረስ ሸኘኝና ጆሮዬ ሥር «መድኃኒቱ ተስማማት። ፊቷን አየሽልኝ?» አለኝ። እንባው ዓይኑ ላይ አቅርሮ ነበር።

ያ ሰሞን ለቤታቸው ሁለተኛ ሠርግ ነበር። ክበቡ ውስጥ ሰሃን መመለስ ቆመ፣ የዳቦው መስኮት ወሬም ተረሳ። ወንድሜ ወፈረ፤ ሱሪው አልቆለፍ ብሎት በገመድ ሲያስረው አይቼ ስቄበታለሁ። በበላ ቁጥር ያሞግሳታል። እሷ ራሷ እምብዛም አትበላም፤ አገጯን በእጇ ደግፋ ሲበላ ታየዋለች። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው፣ እሱ ምግቧን ባሞገሰ ቁጥር እሷ ሌላ አንድ ቀን ኪኒኗን ሳትውጥ ታድር ነበር። እሱ ምን ያውቃል? ፍቅሩን ነው የሚናገረው።

ቁርጭምጭሚቷ ማበጥ ጀመረ። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ትንፋሽ ትሰበስባለች። ምነው ስትባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «እመቤቲቱ ናት።»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ድስቶቹ ገና ሳይፈሉ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ላብ አጥምቋታል፤ ጡጫዋ ከጎድኗ ሥር ነው። ምክትሏ ደንግጣ ሐኪም ልጥራ ስትላት «ለጨጓራ ደግሞ ሐኪም ምን ሊፈይድ፤ ወተት አምጪልኝ» አለቻት። ወተት ሰጧት። ሕመሙ አልተዋትም፤ ጨመሩላት። ማን ይጠረጥራል? የስንት ዘመን ጨጓራ ነው። እዚያው ጆንያው ላይ እንደተቀመጠች ጭልፋው እየመጣላት ቀመሰች፣ «ይውጣ» አለች፣ ምሳው ወጣ። ሠራተኛው በልቶ ሲያበቃ ወደ ጎን ዘንበል አለች።

ጨጓራዋ አልነበረም፣ ልቧ ነበር። ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም እንዳስረዳን፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ልቡ ሲታመም ሕመሙ አንዳንዴ ጨጓራ መስሎ ይመጣል። በወተት ስናባብለው በዋልንበት ሰዓት ልቧ ክፉኛ ተጎድቷል። ሐኪሙ ወደ ወንድሜ ዞረና «መድኃኒታቸውን በደንብ ይወስዱ ነበር?» አለው።

ወንድሜ ደረቱን ነፋ። «አንድም ቀን አላቋረጠች! በዓይኔ በብረቱ እያየሁ ነው የምትውጠው።»

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«አልዋጥኩም» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ሚስማሩን፣ ነርሷን፣ የዳቦውን መስኮት፣ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያው ላይ የምትተፋውን። ሐኪሙ እስክትጨርስ ሰማትና «እናቴ፣ አፍዎን የሚያበላሸው የስኳሩ ኪኒን ብቻ ነው። ቢነግሩን በሌላ እንቀይርልዎ ነበር» አላት። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

ሐኪሙ ሲሄድ ወንድሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ለእኔ እንኳ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ልነግርህ ነበር። ለዚያ ነው ያን እሑድ የጠራኋችሁ» አለች። «ከዚያ ስትበላ አየሁህ።»

እኔ መስኮቱ ላይ ያለውን መጋረጃ ማስተካከል ጀመርኩ፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

የስኳሩን ኪኒን በሌላ ቀየሩላት። እኔን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ልቧ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮኛል። ለወንድሜ የምነግርበት አፍ አጣሁ። እሱማ ጭራሽ ምግቧን ራሴ ነው የምሠራው አለ። ዕድሜ ልኩን ሻይ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ኩሽናዬ መጥቶ ድንች እንዴት ይላጣል ብሎ ጠየቀኝ። ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ጣለው። ልርዳህ ብለው ተቆጣ። እንደ ምንም ብሎ ጨው የሌለው ሾርባ ሠራና በፔርሙዝ ይዞላት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ትራሱን ደራርበን ቀና አደረግናት። እሱ በማንኪያ ቀድቶ ሰጣት። ቀመሰችው።

«ካሮቱን ከድንቹ እኩል ነው የጨመርከው።»

«አዎ» አለ፣ እንደተያዘ ሌባ።

«ካሮት ይቀድማል። ደግሞ ሥሩ ይዞብሃል። ከላይ ከላይ ቀድተህ ልታታልለኝ ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን። እውነትም ሥሩ ይዞበት ነበር፤ ድስቱን የፈተግኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ «ምላሷን እዪልኝ!» እያለ ተፍነከነከ። እሷም ፈገግ አለች። ሁለተኛውን ማንኪያ ተቀበለችና ቶሎ አልዋጠችውም፤ አፏ ውስጥ ያዝ አደረገችው። ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አዲሱን ኪኒን ከጀመርኩ ቆየሁ አይደል?» አለች።

«ሳምንት ሊሞላሽ ነው» አላት ወንድሜ።

«ሁሉንም እየዋጥኩ ነው፤ የደም ግፊቱንም።»

«አዎ፣ ሁሉንም።»

«ሆዴም ደህና ነው። ምላሴም ደህና ነው» አለች። «እየዋጥኩትም ደህና ነው እኮ። ልቤ ብቻ ነው የማይመለስልኝ።»

ወንድሜ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ተያዩ። ለወንድሜ ልነግረው ያቃተኝን ነገር ያኔ ሁለቱም እንዳወቁት ገባኝ። እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ ለመጥረግ እጇን አላነሣችም፤ እሱም አላባበላትም፤ ምን ብሎ ያባብላታል? ማንኪያውን እንደገና ፔርሙዙ ውስጥ ነከረው።

«በይ ቅመሽ፣ ይቀዘቅዛል» አላት።