ሳንጃ ላይ የተደበቀብኝ መርዶ

አዝማሪ ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዞሬያለሁ። ከአይከል እስከ ሳንጃ ማሲንቆዬ ያልገባበት ዳስ የለም፤ አጋነንክ የሚለኝ ካለ ማጋነን ሥራዬ ነው። ብዙውን ዘመን ብቻዬን አልነበርኩም። እኔ አንድ ስንኝ አወጣና ዝም እላለሁ፤ ማሲንቆው ብቻ ይቀጥላል፤ በዚያች ክፍተት ባለቤቴ ገብታ ትቀበለኛለች። ድምፅዋ ከእኔ ይሻል ነበር። በሕይወት እያለች ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ያን ጥር ሳል ይዟት ጎንደር ቀረች። «ሂድ እንጂ! የሰው ሠርግ ልታስቀር ነው?» ብላ ሸኘችኝ።

ዋዜማውን ሳንጃ አደርኩ። ጠዋት ስልኬን ቻርጅ እንዲያደርግልኝ ለደጋሹ ሰጥቼ ዳሱ ውስጥ ገባሁ። ሰው እንደዚያን ቀን ወዶኝ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ጉሮሮህ ዛገ እያሉ የሚያሾፉብኝ ጎረምሶች እንኳ አንገታቸውን ደፉ። ደጋሹ ራሱ ሥጋ ቆርጦ አጎረሰኝ። በልማዴ ስንኝ አውጥቼ የባለቤቴን ክፍተት ባዶ ስተው፣ ጥግ የተቀመጡ ሴቶች በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዛሬስ ተጫወትኩ አልኩ በልቤ። ምን ልደብቅ፣ እሷ አለመምጣቷ ለአፍታ ደስ አሰኘኝ፤ ሙገሳው ሁሉ የእኔ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ደጋሹ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቀሰቀሰኝ። ሽማግሌ አስከትሎ በማለዳ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገር ያውቃል። ባለቤቴ ትናንት ጎህ ሲቀድ አርፋ፣ በዘጠኝ ሰዓት ተቀብራለች። እኔ ገና የመጀመሪያውን ዘፈን ሳልጀምር ስልኬን ያነሳው እሱ ነበር።

«ምነው ያን ጊዜ ብትነግረኝ? በማኪና እደርስ ነበር እኮ!» አልኩት።

«አያ፣ ሠርጉ ሊበላሽ ሆነ፤ ምን ላድርግ? ይቅር በለኝ» አለ እያለቀሰ።

ልረግመው አፌን ስከፍት አንድ የድሮ ሠርግ ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት አይከል ላይ አንዲት ሙሽራ አባቷ መሞቱን ሳትሰማ ተዳረች። ለእኛ ለአዝማሪዎቹ ተነግሮን ነበር። እኔም አባቷን በስሙ እየጠራሁ፣ ዕድሜ ይስጠው እያልኩ አስጨፈርኳት። ባለቤቴ ያን ስንኝ አልተቀበለችኝም። ክፍተቷን ባዶ ተወችው። ወደ ቤት ስንመለስ ተቆጣኋት።

«ሥራሽ መቀበል አይደል?» አልኳት።

«አንተ ብትሆንስ?» አለችኝ።

ሥራ ሥራ ነው ብዬ ዘጋኋት።

አሁን ጎንደር ውስጥ አንድ መሸታ ቤት ብቻዬን እጫወታለሁ። ስንኝ አውጥቼ ዝም ስል እንግዶቹ ግጥሙ የጠፋኝ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱማ አዝኖልኝ ያጨበጭባል። እኔ ግን እሷን እየጠበቅሁ ነው። ለጥያቄዋ መልሱን ሳንጃ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ የምነግራት ግን የለችም።