ለየሺመቤት የተሠራው ክፍል

ከየካ ሚካኤል ግርጌ፣ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ዳገት ላይ ይኖር የነበረው ወልደሰንበት ኩራቱ ራቱ የሆነ ሰው ነበር። ክፉ ነበር የሚል ካለ ግን አልቀበለውም። ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ የጎረቤት አጥር ሲወድቅ ሳይጠሩት ባሕር ዛፍ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነው። ብቻ መስጠት እንጂ መቀበል አይሆንለትም። እንዲህ ያለ ሰው አይግጠማችሁ ነው የምለው፤ እየወደዳችሁት ያቃጥላችኋል።

እንጀራው አትክልተኝነት ነበር። ቁልቁል ካሉት ሰፋፊ የፈረንጅ ግቢዎች በአንዱ ጽጌረዳ ሲገርዝ፣ ሣር ሲያጭድ ነው ዕድሜውን የፈጀው። እዚያ ያየውን ሁሉ ቤቱ መጥቶ ይሞክረዋል። በደጁ ድንጋይ ደርድሮ አበባ ተክሏል፤ የጓሮው ጎመን ሳይቀር በገመድ ተለክቶ የተተከለ ነበር። ጎረቤቱ ፈዬራ፣ ማዶ መሬት ያለው ጨዋታ አዋቂ ገበሬ፣ ጎመኑን ሰልፍ አስተማርከው እያለ ይስቅበታል። ሚስቱ የሺመቤትም አብራ ትስቃለች። እሷ የማትስቅበት ነገር አልነበረም።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሳል ያዛት። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ጤና አዳምም ነጭ ሽንኩርትም ተሞከረ። ሳሉ ግን ውሎ አድሮ ደም አመጣ። ሐኪም ዘንድ ተወሰደች፤ ሐኪሙም ደረቷን አዳምጦ ከጨረሰ በኋላ ወልደሰንበትን ለብቻው ጠርቶ፣ ሳምባዋ መጎዳቱን፣ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይበቃትና ፀሐይ የሚገባበት ደረቅ ክፍል ካላገኘች ክረምቱን መዝለቅ እንደማትችል ነገረው። ቤታቸው ደግሞ ከዳገቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። የእንጦጦ ዝናብ በኋላ በኩል እየሰረገ ይገባና ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ያልበዋል።

ወልደሰንበት በዚያው ሳምንት በምሥራቅ በኩል አንድ ክፍል ሊጨምር ተነሣ። በእንጨት መሬቱ ላይ እየሳለ አልጋሽ እዚህ ነው፣ መስኮቱ በዚህ በኩል ነው ይላታል። ፈረንጁ ቤቱን ሲያድስ ያወለቀውን መስኮት ከነመስተዋቱ አመጣላት፤ እሱንም ከሥራ ሰዓቱ ውጪ አጥር ከርክሞበት እንጂ በነፃ አልወሰደውም። ሚያዝያን ሙሉ ከሥራ እየመጣ ቋሚ ተከለ፣ ማገር መታ፣ ቆርቆሮውን አለበሰ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

ስሕተት ቢባል አንዱ ከዚህ ይጀምራል። ጭቃው ሳይመረግ፣ አሮጌውን ግድግዳ ለበር የሚሆን ያህል አፈረሰው። የሺመቤት ከአልጋዋ ሆና የጠዋት ፀሐይ እንድታይ ቸኩሎ ነው። አየችም፤ ጥቂት ጠዋት ተደሰተችበት። ከዚያ ግንቦት ላይ ዝናቡ ያለወትሮው ቀደመና ነፋሱም ውሃውም በተከፈተው ማገር እየገባ አልጋዋ ድረስ ይመጣ ጀመር። ጆንያ ሰቀለበት። ጆንያ ምን ይመልሳል?

የጭቃ ሥራ እንደምታውቁት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጭዱን ከአፈሩ ጋር የሚረግጥ፣ ውሃ የሚያመላልስ፣ የሚያቀብልና የሚመርግ ይፈልጋል። ደቦ መጥራት ነበረበት። ግን ወቅቱ የእርሻ ነው፤ ሰዉ በሥራ ቀን ከበሬው ጀርባ አይጠፋም። የሚያርፈው በበዓል ነው፤ በበዓል ደግሞ ጭቃ መንካት ነውር ነው። በዚያ ሰፈር አንድ መውጫ ብቻ ነበር። ለራስ ሲሆን ኃጢአት የሆነው ሥራ ለአቅመ ቢስ ሲሆን ጽድቅ ነው። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ እገሌ የሚባል ድሃ ቤቱ አላልቅ ብሎታል፣ እርዱት ብለው ካወጁ፣ ሰዉ የክት ልብሱን አውልቆ ይወጣል።

ፈዬራ ይህን አስቦ መምሬ ኃይለጊዮርጊስን አናገራቸው። እሳቸውም ለሰኔ ሚካኤል አውጅለታለሁ፣ ብቻ ባለቤቱ እሺ ይበል አሉ። ፈዬራ ደስ ብሎት ሮጦ መጣ። ወልደሰንበት ፊቱ ጠቆረ።

"ስሜ ከዕውሩና ከሽባው ጋር በአደባባይ አይጠራም። እጅ አለኝ።"

"እጅማ አለህ" አለው ፈዬራ። "ሚስትህ ግን አንዲት ናት።"

አልሰማውም። ሰኔ ሚካኤል ዋለ። እንዲያውም በሰኔ ተፈልጎ የማይገኝ ብራ ሆኖ፣ ከዚያም ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል ሰነበተ። በበዓሉ ዕለት የሰፈሩ ጎልማሳ ሁሉ ጠላውን ይዞ በየደጁ ተቀምጦ ያወጋል፤ ወልደሰንበት አፈር ቆልሎ፣ ጭድ ከምሮ፣ በዓል ነውና ሳይነካው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከውስጥ ሳሏ ይሰማል። እኔ ይህን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመጣ ብቻውን ይረግጥ፣ ብቻውን ይመርግ ጀመር። ሊያዳርሰው ስላልቻለ ጭቃው በወጉ ሳይቦካ፣ የታችኛው ሳይጠነክር በላዩ ያወፍርበታል። አንድ ማታ ከእንጦጦ የወረደ ዶፍ የመረገውን ሁሉ ልጦ ጣለው። እንደገና መረገ፤ እንደገና ወረደ። የሺመቤት ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። አልጋዋን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ቢገፋው ውሃው የማይደርስበት ጥግ አልተገኘም። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቀን እንኳ አላማረረችበትም፤ እሱም የባሰ ገደለው።

በሐምሌ ሚካኤል ጠዋት ጭቃ የነካ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሊበተን ሲል መምሬን እንኳ ሳያናግር ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆመ።

"እኔ ወልደሰንበት ድሃ ነኝ" አለ። "ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው። እርዱኝ።"

የሳቀ የለም። ያፈረም እሱ ብቻ ነበር። ፈዬራ ጋቢውን መጀመሪያ አወለቀ፣ ሌላው ተከተለው። ሴቶቹ በእንስራ ውሃ አመላለሱ፣ መምሬም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭድ በተኑ። ያ ሰውዬ ብቻውን የተሰቃየበት ግድግዳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከውስጥም ከውጭም ተመረገ፤ መስኮቱም ቦታውን ያዘ። ወልደሰንበት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገብቶ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ። የሆነውን ሰምታለች።

"ድሃ መሆናችንን እኔማ ካገባሁህ ጀምሮ አውቀው ነበር" አለችው እየሳቀች። "ላንተ የነገረህ የለም እንዴ?"

እሱም ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነበት።

ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በሐምሌ የተመረገ ጭቃ መቼ ይደርቃል? ክፍሉ አለቀ እንጂ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ሐኪሙን ቢጠይቀው እርጥብ ግድግዳ ውስጥ እንዳያስተኛት አጥብቆ ከለከለው። ከሰል አንድዶ ሊያደርቀው ሞከረ፤ ጢሱ ወደ እሷ እየሄደ ሳሉን ሲያብስባት አጠፋው። ጠዋት ጠዋት መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ይቆማል፤ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ፍልሰታ ሳይፈታ የሺመቤት እዚያው አሮጌው ክፍል ውስጥ ዐረፈች።

ሰልስቱ አልፎ፣ ዐርባዋ ደርሶ፣ መስከረም ብራ ሲሆን ግድግዳው ደረቀ። ስንጥቅ አልነበረበትም፤ ያየው ሁሉ አደነቀው። ፈዬራ አንድ ቀን ሊያጽናናው መጥቶ ወልደሰንበትን ባዶው ክፍል ውስጥ ፀሐዩ ላይ ተቀምጦ አገኘው። አጠገቡ ተቀመጠና ራስህን አትብላ፣ ቀኗ ደርሶ ነው፣ እግዜር የቆረጠውን ሰው አይመልሰውም አለው።

ወልደሰንበት መዳፉን ደረቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ "እግዜርማ ለሰኔ ሚካኤል ፀሐይ አውጥቶልኝ ነበር" አለ።