በአሜን የበራው መብራት

ዲጂታል ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት ሆሳዕና ውስጥ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ወርክሾፕ ነው። ግጥም እጽፋለሁ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ኮሌጁ የመደበኝ ግን ተቀምጠው ሽቦ የሚሰኩበት ትምህርት ክፍል ሆነ። አልተከራከርኩም። በመጀመሪያው ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ዜሮና አንድ ጽፈው፣ "ከነዚህ ሌላ ቁጥር የለም" አሉ። አንድ ቃል ብዙ ነገር እንዲል ሲለፋ ለኖረ ሰው ይህ እረፍት ነበር።

መምህሩ ስለ ግቤት፣ ማለትም ምልክት ወደ ሰርኪዩቱ ስለሚገባበት ቦታ፣ አጥብቀው የያዙት ነገር ነበራቸው። "ምንም ያልተገናኘ ግቤት ዜሮ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ" ይሉን ነበር። "ዝም ያለ ሰው እምቢ አላለም። እሺም አላለም። ሰርኪዩቱ እንደመሰለው ይተረጉመዋል።" ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግቤት፣ ሽቦ የሚሰካበት ቦርድ ላይ ሬዚስተር የምትባል አንዲት ትንሽ ዕቃ እንሰካለን። ማብሪያው ካልተጫነ ግቤቱን ወደ ግራውንድ ትጎትተዋለች፤ ግራውንድ ማለት ዜሮ ማለት ነው። ዝምታ እምቢታ ሆኖ እንዲቆጠር የምታደርገው እሷ ናት። ይህን ተፈተንኩበት፤ አለፍኩ።

የመጨረሻው ፕሮጀክቴ ለሦስት ሰዎች የሚሆን ድምፅ መስጫ ነበር። ሦስት ማብሪያ፣ አንድ ቀይ መብራት። ማብሪያዎቹ በረጅም ሽቦ ከቦርዱ ጋር የተያያዙ የበር ደወል መጥሪያዎች ናቸው፤ ጣት ሲነሣ ይለቃሉ። ቢያንስ ሁለት ሰው ከተጫነ መብራቱ ይበራል፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢጫን አይበራም። በመካከል ጌት የሚባሉ ትንንሽ ወሳኞች አሉ፦ ሦስቱ ኤንድ ጌቶች ሰዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ መስማማታቸውን ያያሉ፤ ኦር ጌቱ ደግሞ ከጥንዶቹ አንዱ እንኳ ከተስማማ ወሬውን ለመብራቱ ያደርሳል።

በዚያው ሰሞን፣ አዲሎ መንገድ ዳር የመኪና ዘይትና መለዋወጫ የሚሸጡት የአባቴ ታላቅ ወንድም ሱቃቸው ውስጥ ሰው አነሳቸው። እኔን ፈለጉ። ኮሌጁን ትቼ ሱቅ ልግባ ወይስ ልጨርስ፣ የሚወስኑት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ እሳቸው፣ አባቴ፣ እንዲሁም አንጋጫ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርሷ አክስቴ፣ የሁለቱ ታናሽ። የአጎቴ ሐሳብ የታወቀ ነው። አክስቴ በስልክ "አይዞህ፣ ትማራለህ" ብላኛለች። የማላውቀው የአባቴን ነው። አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው ልጆች ተናግሮ ስለሚመለስ ለቤት የሚተርፍ ቃል የለውም። ምን ታስባለህ ብዬ ብጠይቀው፣ "ጋሼ ይምጡ" አለኝ። ጋሼ አጎቴ ናቸው።

እሁድ ከቸርች መልስ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ቆጮ በጎመን ተበላ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ዳምቦያ ገበያ ተወራ። ስለ እኔ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሳይወስኑ እንዳይሄዱ ሰጋሁና ሰርኪዩቱን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በሀዲይኛ ሲያወራ የነበረው ቤት፣ "ግቤት" ስል ወደ አማርኛ ዞረ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ይፈነዳል?" አሉ አጎቴ።

"ድምፅ መስጫ ነው ጋሼ። ሁላችሁም አንዳንድ ማብሪያ ይዛችሁ እጃችሁን ልብስ ውስጥ ትደብቃላችሁ። ይማር የሚል ይጫናል፤ ሱቅ ይግባ የሚል አይጫንም። ማን እንደተጫነ አይታወቅም።"

"ኮሮጆ በሽቦ መጣ በሉኛ!" አለች አክስቴ። "እንሞክርለት ጋሼ፣ የልጁ ፈተና ነው።"

"አይነዝርም አይደል?"

"በስልክ ቻርጀር ነው የሚሠራው ጋሼ።"

ማብሪያዎቹ ጋቢ፣ ኮትና ነጠላ ውስጥ ገቡ። "ተጫኑ" አልኩ። መብራቱ አልበራም። አጎቴ አሳላቸው። አባቴ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመረ። መብራቱ አሁንም አልበራም።

"ተበላሽቷል" አሉ አጎቴ።

ማብሪያዎቹን ሰብስቤ ራሴ ሞከርኳቸው። አንድ በአንድ፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስቱንም። መብራቱ መብራት ባለበት በራ፣ መጥፋት ባለበት ጠፋ። መልሼ ሰጠኋቸው።

"ይሠራል" አልኩ። "ቢያንስ ሁለታችሁ አልተጫናችሁም ማለት ነው። ልብሴን ልሰብስብ።"

"ቆይ እስቲ አንተ!" አለች አክስቴ። "ማነው ያልተጫነው?"

"አንቺስ ተጭነሻል?" አሉ አጎቴ።

"እንዴ ጋሼ! ታላላቆቼ ሳትጫኑ እኔ ምን ብዬ ነው የምጫነው? ክንዳችሁ እስኪንቀሳቀስ እየጠበቅኩ ነበር።"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔም ጋሼን ነበር የምጠብቀው።"

ሁላችንም ወደ አጎቴ ዞርን።

"እኔማ" አሉ፣ "ልጁ የእሱ አይደል? አባቱ ቁጭ ብሎ እኔ ብቀድም ነውር አይደለም?"

ሬዚስተሮቼ ሦስት ዝምታ ተቀብለው ሦስት እምቢታ አድርገው ቆጥረዋል። ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። በእኛ ቤት ግን ዝምታ እምቢታ አልነበረም፤ "እርስዎ ይቅደሙ" ነበር። ለዚህ የሚሆን ጌት አላስተማሩንም።

ያስተማሩን ሌላ ነገር ነው። ትልልቅ ሰርኪዩቶች ውስጥ ክሎክ የሚባል ምት አለ። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ሁሉም የሚጠብቀው ምቱን ነው፤ ሲመታ ሁሉም እኩል ይንቀሳቀሳል። በእኛ ቤት ታናሽ ታላቁን ሳይጠብቅ፣ ሁሉም እኩል የሚናገረው ቃል አንድ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ይጸልዩልን" አልኩ። "አሜን ሲባል ሁላችሁም ትጫናላችሁ።"

"በጸሎት ይቀለዳል እንዴ?"

"መጀመሪያውንም ሳንጸልይ መጀመራችን ነው ጥፋቱ" አለ አባቴ። ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

ተነሡ። አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጸለዩ። ስለ አገር፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ መንገደኛ ጸለዩ። ለሱቁ ታማኝ ሰው ተለመነለት። የኮሌጁ ስም እንኳ አልተነሣም። ከዚያ "በኢየሱስ ስም" አሉ፤ ቤቱ በሙሉ "አሜን" አለ።

ዓይኔን ስገልጥ መብራቱ በርቷል።

"በራ!" አሉ አጎቴ። "አያችሁ? እኔ ስጫን በራ! እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ይማራ። ለሱቁ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ያኔ ነው ሽቦውን ያየሁት። የአጎቴ ሽቦ ለጸሎት ሲነሡ በጋቢያቸው ተስቦ ከቦርዱ ወጥቷል፤ ጫፉ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። እሳቸው ቢጫኑም ባይጫኑም ሰርኪዩቱ ዜሮ ብሏቸዋል። መብራቱ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የቀሩት ሁለት ናቸው።

ዞሬ አባቴን አየሁት። ቆሟል፤ ዓይኑን ገና አልገለጠም። ጣቱን መቼ እንደሚያነሣ አልነገርኩትም፤ ስለዚህ እንደተጫነ ነው።

"አባዬ፣ በቃ፣ ልቀቀው" አልኩት።

ለቀቀው። መብራቱ ጠፋ።

"ምን ሆነ?" አሉ አጎቴ። "እኔ አልለቀቅኩም እኮ!"

"የቻርጀሩ ነገር ነው ጋሼ" አልኩና ሽቦውን በመዳፌ ሸፈንኩት።